ማስተካከያ፦ «ስፖርት በ21 ቀን ልማድ ይሆናል» ስለሚለው መልእክት

ሰሞኑን በቴሌግራም እየዞረ ያለው «21 ቀን ጠዋት ጠዋት ከተንቀሳቀሳችሁ ልማድ ይሆናል፣ አንድ ቀን ከዘለላችሁ ግን ከዜሮ ትጀምራላችሁ» የሚለው መልእክት ሁለቱም ነጥቦቹ ስህተት ናቸው።

21 ቀን የመጣው ከስፖርት አይደለም። ማክስዌል ማልትዝ የተባለ አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም በ1960 እ.ኤ.አ. ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚፈጅባቸው ጽፎ ነበር። ከዚያ በቅብብሎሽ ለሁሉም ነገር ዋለ።

ልማድን በቀጥታ የለካው በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች ጥናት ነው። 96 ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ የሚበላ፣ የሚጠጣ ወይም የእንቅስቃሴ ነገር መርጠው በየቀኑ ከተወሰነ ሰዓት ወይም ድርጊት ጋር፣ ለምሳሌ ከቁርስ በኋላ፣ ለ12 ሳምንት እንዲያደርጉት ተጠየቁ። ነገሩ ሳይታሰብበት የሚደረግ እስኪሆን መካከለኛው ጊዜ 66 ቀን ሆነ፤ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል (ከ12 ሳምንት በላይ ያለው በስሌት የተገመተ ነው)። ስፖርት ደግሞ ውሃ ከመጠጣት የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። አንድ ቀን መዝለል ሂደቱን ያን ያህል አላበላሸውም፤ ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

ስለዚህ በ22ኛው ቀን አሁንም ከአልጋ መነሳት ከከበዳችሁ ሰነፍ ሆናችሁ አይደለም፣ ገና ነው። ትናንት ለቅሶ ወይም የማታ ተረኛነት ይዟችሁ ካመለጣችሁ ዛሬ ከቆማችሁበት ቀጥሉ። በግሩፕ «ቻሌንጅ» የምታካሂዱም፣ አንድ ቀን የዘለለን የምታስወጡበትን ሕግ እባካችሁ አንሱት።