እርማት፦ ፎስፌት በበዛ ቁጥር ስፕላይሲንግ አይጨምርም

ሐዋሳ ላይ በባዮሎጂ ተማሪዎች እጅ የሚዞረው የፈተና ማስታወሻ «ፎስፎሪሌሽን የአርኤንኤ ስፕላይሲንግን ያስጀምራል፤ ፎስፌቱ ሲነሳ ይቆማል» ይላል። ፎስፎሪሌሽን ማለት በፕሮቲን ላይ ፎስፌት መጨመር ነው፤ ስፕላይሲንግ ደግሞ ኢንትሮን የተባሉትን ክፍሎች ከአርኤንኤ ቆርጦ አውጥቶ ቀሪውን መቀጠል ነው። የማስታወሻው የመጀመሪያው ግማሽ ያስኬዳል፣ ሁለተኛው ግን ነገሩን ገልብጦታል።

በሰው ሴል ውስጥ ያለውን ኤስአርኤስኤፍ1 የተባለ፣ በስፕላይሲንግ የሚሳተፍ ፕሮቲን እንይ። በሳይቶፕላዝም ኤስአርፒኬ1 የተባለው ካይኔዝ (ፎስፌት ጨማሪ ኢንዛይም) በፕሮቲኑ ጅራት ካሉት ሴሪን የተባሉ አሚኖ አሲዶች 12 ገደማ በሚሆኑት ላይ ፎስፌት ይጨምራል፤ ይህም ወደ ኒውክለስ እንዲገባ ይረዳዋል። እዚያ ሲኤልኬ1 የተባለ ሌላ ካይኔዝ ተጨማሪ ፎስፌት ያክልበትና እንዲህ ያሉ ፕሮቲኖች ከሚከማቹበት ከኒውክለር ስፔክል ያስለቅቀዋል። ስፕላይሲንግን የሚያከናውነው ውቅር፣ ስፕላይሶሶሙ፣ ሲገጣጠም ይህ ፎስፌት ያስፈልጋል። ማስታወሻው የዘለለው ቀጣዩን ነው፤ ኢንትሮኑ ተቆርጦ እንዲወጣ ፒፒ1 እና ፒፒ2ኤ የተባሉት ፎስፋቴዞች (ፎስፌት አንሺ ኢንዛይሞች) ፎስፌት ማንሳት አለባቸው። ፎስፋቴዝ በቀላሉ የማያነሳው ታዮፎስፌት ያለበት ኤስአርኤስኤፍ1 ሲሰጥ መገጣጠሙ ይሳካል፣ ቆረጣው ግን አይጀምርም። ስለዚህ የፎስፌቱ ማነስም መብዛትም ሥራውን ያግዳል።

የዚሁ ቤተሰብ የሆነው ኤስአርኤስኤፍ10 ደግሞ ከዚህም ይብሳል፦ ሴሉ በኃይለኛ ሙቀት ሲመታ ፎስፌቱን ያጣና ስፕላይሲንግን ራሱ የሚጨቁን ይሆናል። ስለዚህ ፎስፌቱ ሲነሳ ፕሮቲኑ ዝም ብሎ ሥራ አቆመ ማለት ለእሱ አይሠራም።

ላብራቶሪ ለምትገቡ፦ ሴል ስታፈርሱ ፎስፋቴዞች ፎስፌቱን እንዳያነሱት ቫናዴት የተባለው ማገጃ ብቻ አይበቃም፣ በዋናነት የሚያግደው የታይሮሲን ፎስፋቴዞችን ነውና። ከሴሪን ላይ ፎስፌት ለሚያነሱት 10 ሚሊሞላር ሶዲየም ፍሎራይድና ቤታ-ግሊሴሮፎስፌት ጨምሩ፣ በበረዶ ላይ ሥሩ። ፎስፌት ያለበትን ፕሮቲን ከሌለበት በሚለየው በፎስ-ታግ ጄል የምትለዩ ከሆነ ናሙናው ውስጥ ኢዲቲኤ አይኑር፤ ጄሉ የሚሠራበትን የብረታ ብረት አዮን ይነጥቅና ባንዶቹን ያበላሻል።