በአዛውንቶች እግር ላይ ለሚቆይ ቁስል፦ ከአንቲባዮቲክ በፊት ፋሻ

ከቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ የወጣ፣ ወራት ያስቆጠረ ቁስል ፋሻው ሲፈታ ያየ ሰው አይረሳውም። የመጨረሻው ዙር ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ በጨው ውኃ እየራሰ ሲላቀቅ ቢጫ ፈሳሽ ይንጠባጠባል፣ ሽታው ክፍሉን ይሞላዋል፣ በዙሪያው ያለው ቆዳም ቀልቶና ጠንክሮ፣ አንዳንድ ቦታ ቡናማ ሆኖ ይታያል። አዛውንቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። በዚያች ቅጽበት ለቤተሰቡም ለባለሙያውም የሚመጣላቸው ሐሳብ አንድ ነው፦ ቁስሉ አመርቅዟል። ከዚያ አንቲባዮቲክ ይታዘዛል፤ ለሦስተኛ ወይም ለአራተኛ ጊዜ። ይህ ልማድ በአብዛኛው ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ያ ቅላትና ያ ፈሳሽ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከጀርም ሳይሆን መቆም ካቃተው የሰውነት ብግነት፣ ማለትም ሰውነት ለጉዳት ከሚሰጠው የቅላትና የእብጠት ምላሽ ነውና።

ብግነት በራሱ ጠላት አይደለም። ቆዳ ሲቀደድ ነጭ የደም ሕዋሳት በሰዓታት ውስጥ ይደርሳሉ፤ ባክቴሪያ ይውጣሉ፣ የሞተ ሥጋ ያጸዳሉ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላም ሥራው ከማጽዳት ወደ መጠገን ይሸጋገራል። እግር ላይ በሚከርም ቁስል ግን ይህ ሽግግር ይዘገያል ወይም ጨርሶ ይቀራል። ነጭ ሕዋሳቱ የሚያመነጩት ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም የሞተውን ብቻ ሳይሆን አዲስ የተሠራውን ሥጋ፣ ሕዋሳትን እንዲያድጉ የሚያነሣሡትን ፕሮቲኖች ሳይቀር ይበላል። ቀን የተሠራው ሌሊት ይፈርሳል ማለት ነው።

አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ቁስሎች የሚነሡት ደምን ወደ ልብ የሚመልሱት የእግር ሥሮች ሲደክሙ ነው። ሳንንቀሳቀስ ስንቆም በቁርጭምጭሚት አካባቢ በእነዚህ ሥሮች ውስጥ ያለው ግፊት ከ80 እስከ 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይደርሳል። ስንራመድ የባት ጡንቻ ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ በሥሮቹ ውስጥ ያሉት ቫልቮችም ተመልሶ እንዳይወርድ ይዘጉበታል፤ በጤናማ እግር ላይ ግፊቱ በዚህ ብቻ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ቫልቮቹ ሲበላሹ፣ ወይም አዛውንቱ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ሲውሉና ቁርጭምጭሚታቸው አልታጠፍ ሲል፣ ግፊቱ ከፍ እንዳለ ይውላል። ያን ጊዜ ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ፈሳሽ፣ ፕሮቲንና ቀይ የደም ሕዋሳት ማሳለፍ ይጀምራሉ። ቆዳውን ቡናማ የሚያደርገው ከቀይ ሕዋሳቱ የሚቀረው ብረት ነው፤ ይኸው ብረት ብግነቱንም ያባብሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1988 የብሪታንያ ተመራማሪዎች ነጭ የደም ሕዋሳት በእነዚህ ቀጫጭን ሥሮች ውስጥ ተይዘው ጉዳት ያደርሳሉ የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ ዝርዝሩ ሲያከራክር ቢቆይም ግፊት ብግነትን እንደሚወልድ ዛሬ ብዙም አያጠያይቅም።

ዕድሜም የራሱ ድርሻ አለው። ጣሊያናዊው ተመራማሪ ክላውዲዮ ፍራንቼስኪ እ.ኤ.አ. በ2000 ከባልደረቦቻቸው ጋር እንዳመለከቱት፣ በሰው ሰውነት ውስጥ ከዕድሜ ጋር ዝቅ ያለ ግን የማያቋርጥ ብግነት ይከማቻል፤ ያረጁ ሕዋሳትም ሳይሞቱ ሳይከፋፈሉ ተቀምጠው ብግነት ቀስቃሽ ኬሚካሎችን ያመነጫሉ። ሆኖም «የዕድሜ ነው» የሚለውን መልስ አልቀበልም። ዕድሜ ፈውሱን ያዘገየዋል እንጂ አይከለክለውም፤ ይህ መልስ የሚሰጠውም ብዙ ጊዜ እግሩ በወጉ ሳይመረመር ነው።

ወደ አንቲባዮቲኩ ልመለስ። ለወራት ክፍት በሆነ ቁስል ላይ ባክቴሪያ መኖሩ አይቀርም፤ ናሙና ቢወሰድ ላቦራቶሪው የሆነ ነገር ማግኘቱ አይቀርም፤ ይህ ብቻውን ኢንፌክሽን ማለት አይደለም። እውነተኛ ኢንፌክሽን ሲሆን ቅላቱ ቀን በቀን ይስፋፋል፣ እግሩ ይሞቃል፣ ሕመሙ በድንገት ይብሳል፣ ትኩሳትም ሊከተል ይችላል፤ ያን ጊዜ አንቲባዮቲክ ሊዘገይ አይገባም። ሁለቱም እግሮች እኩል ሲቀሉ ግን ምክንያቱ ኢንፌክሽን የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። ያለ ምክንያት የተሰጠ ኪኒን አዛውንቱን በተቅማጥ ያደክማል፣ መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎችን ያፈራል፤ ቁስሉ ላይ የሚቀባው አንቲባዮቲክ ደግሞ ቆዳውን አስቆጥቶ በብግነት ላይ ብግነት ሊጨምር ይችላል።

ብግነት ከሆነ ብግነት የሚያበርድ ኪኒን ይበቃል የሚል ይኖራል። በኒውዚላንድ 251 ሕሙማን ከፋሻው ጋር በየቀኑ 150 ሚሊ ግራም አስፕሪን ወይም መድኃኒትነት የሌለው ኪኒን እንዲወስዱ ተደርጎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ውጤት ቁስሉን በማዳን ረገድ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም። እኔ የሚገባኝ ምንጩ ክፍት ሆኖ ወለሉን ብቻ እንደ ማድረቅ ነው።

ምንጩን የሚዘጋው ቁርጭምጭሚት ላይ 40 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል የሚጫን፣ ወደ ጉልበት እየላላ የሚሄድ ፋሻ ነው። ከዚያ በፊት ግን ደም ወደ እግር የሚወስዱት ሥሮች ክፍት መሆናቸው የደም ፍሰትን በድምፅ ሞገድ በሚለየው የዶፕለር መሣሪያ መለካት አለበት። የቁርጭምጭሚቱ የደም ግፊት ለክንዱ ተካፍሎ ውጤቱ ከ0.8 ካነሰ ጥንቃቄ ያሻል፤ ከ0.5 በታች ከሆነ ፋሻው እግሩን ሊያሳጣ ይችላል። ስኳር ሕመም ባለባቸው ሰዎች የሥሮቹ ግድግዳ ስለሚጠነክር ቁጥሩ በሐሰት ከፍ ሊል ይችላል። እጅግ የሚያሳዝነኝ ይህ ልኬት ስለሚዘለል ባለሙያው አጥብቆ ለማሰር መፍራቱ፣ ፈርቶም አላልቶ ማሰሩ፣ ቁስሉ ሳይድን ሲቀርም አንቲባዮቲክ መጨመሩ ነው።

ለሐኪሞች ደግሞ አንድ ነገር እጨምራለሁ። በእንግሊዝ 450 ሕሙማን በተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት፣ ከፋሻው በተጨማሪ ቫልቩ የተበላሸው ደም መላሽ ሥር በሕክምና ቶሎ የተዘጋላቸው ሕሙማን መካከለኛ የመዳኛ ጊዜ 56 ቀን ሲሆን፣ ሕክምናው ለዘገየባቸው 82 ቀን ነበር። በተገቢው ፋሻ 3 ወር ተይዞ መሻሻል ያላሳየ ቁስል ካለም፣ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ከጠርዙ ናሙና ይወሰድ።

ቁስሉ ከተዘጋ በኋላም ቫልቮቹ እንደተበላሹ ናቸውና የሚጨብጥ ካልሲ በየዕለቱ መደረግ አለበት። ጣታቸው የደረቀ አዛውንት ጠንካራውን ካልሲ ብቻቸውን መሳብ አይችሉም፤ ሁለት ስስ ካልሲዎችን አንዱን በአንዱ ላይ ማድረግ ይቀላል። ካልሲው የሚጠለቀው ጠዋት፣ እግር ከአልጋ ሳይወርድና እብጠቱ ሳይመለስ በፊት ነው፤ በዚያች ሰዓት አጠገባቸው የሚገኝ አንድ ሰው ያስፈልጋቸዋል።