ቦምብ በሚዘንብበት ከተማ ስለ አንድ ሬሳ ማን ይጨነቃል?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የሚካሄዱት የእንግሊዝ የወንጀል ምርመራ ድራማዎች ለምን ይህን ያህል ይወደዳሉ ሲባል የብዙ ሰው መልስ ይታወቃል። የድሮ መኪናው ያምራል፣ ባርኔጣውና ካፖርቱ ያምራል፣ ገጠሩ አረንጓዴ ነው፣ መጨረሻ ላይ ገዳዩ ይያዛል፣ ተመልካችም ተረጋግቶ ይተኛል። እኔ በዚህ አልስማማም። ቢያንስ ከሁሉም የበለጠውን፣ «ፎይልስ ዎር»ን፣ ቁጭ ብሎ ያየ ሰው እንዲህ ማለት የሚችል አይመስለኝም።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ደራሲው አንቶኒ ሆሮዊትዝ ነው። በአይቲቪ ቴሌቪዥን ከ2002 እስከ 2015 ድረስ 28 ክፍል ታይቷል (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ታሪኩ የሚጀምረው በ1940 በደቡብ እንግሊዝ የባሕር ዳርቻ፣ ሄስቲንግስ በምትባል ከተማ ነው። ፈረንሳይ ከባሕሩ ማዶ ናት፤ ጀርመን ዛሬ ነገ ተሻግሮ ይገባል እየተባለ ነው። ክሪስቶፈር ፎይል የከተማዋ የወንጀል ምርመራ ሹም ነው። ሚስቱ ሞታበታለች፣ አንድ ልጁ የጦር አውሮፕላን አብራሪ ነው። ወደ ጦርነቱ ሥራ አዛውሩኝ ብሎ ይለምናል፣ አለቆቹ እምቢ ይሉታል። መኪና ስለማይነዳ ሳም የምትባል ወሬ ወዳድ የቄስ ልጅ ሹፌር ሆና ትመደብለታለች። ረዳቱ ሚልነር ደግሞ ኖርዌይ ዘምቶ አንድ እግሩን አጥቶ የተመለሰ ወጣት ነው።

እንግዲህ ይህ ሰው በየክፍሉ አንድ ጥያቄ ይቀርብለታል። በየቀኑ ሰው እንደ ቅጠል እየረገፈ አንተ ስለ አንድ ሬሳ ምን ያስጨንቅሃል? አንዳንዴ ጥያቄው ከአለቃው ይመጣል፣ አንዳንዴ ከጦር መኮንን፣ አንዳንዴ ከራሱ ከገዳዩ። «ጦርነት ላይ ነን እኮ!» ይሉታል። ይህችን አባባል እኛም በደንብ እናውቃታለን። ሕግ ይቆየን፣ ጥያቄ ይቆየን፣ ሐዘንም ይቆየን ማለት ናት። የድራማው ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ነው። ፎይል ንግግር አያበዛም፣ አይፎክርም፤ ዝም ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። የሞተው ሰው ስም ነበረው፣ የገደለውም ሰው ስም አለው። በቃ፣ ለእሱ ጉዳዩ ይኸው ነው።

ሁልጊዜ ይሳካለታል ማለት ደግሞ አይደለም። «ፊፍቲ ሺፕስ» የሚባለውን ክፍል ውሰዱ። እንግሊዝ በ1940 ክረምት ከአሜሪካ 50 አሮጌ የጦር መርከቦች ለማግኘት ስትለማመጥ ነበር፤ ስምምነቱ የተፈረመው በመስከረም መጀመሪያ ላይ ነው። ይህ እውነተኛ ታሪክ ነው። በድራማው ውስጥ አንድ ሀብታም አሜሪካዊ ለዚህ እርዳታ የሚሮጥ ሰው ነው፣ ነፍስም አጥፍቷል። ፎይል ያውቃል፣ ማስረጃም አለው፣ ግን ሰውየውን መንካት አይፈቀድለትም። ፊት ለፊት ቆሞ ጦርነቱ አንድ ቀን እንደሚያልቅ፣ ያን ጊዜም እንደሚፈልገው ነግሮ ይለቀዋል። በዚያው ክፍል ውስጥ ቦምብ ያፈረሰው ቤት ገብተው የሚዘርፉ የእሳት አደጋ ሠራተኞችም አሉ። ትንሹ ሌባና ትልቁ ገዳይ ጎን ለጎን ቀርበዋል፣ ማን ሕግ ፊት እንደሚቆምና ማን እንደማይቆም ታዩታላችሁ። ይህን አይቶ ተረጋግቶ የሚተኛ ማነው? ከዓመታት በኋላ ጦርነቱ ሲያበቃ ፎይል መርከብ ተሳፍሮ ወደ አሜሪካ ሲያቀና ስናይ ደስ የሚለን ያን ቀን ስላልረሳነው ነው።

እኔን ከሁሉም በላይ የነካኝ ግን የካርሎ ታሪክ ነው። ካርሎ የፎይል ወዳጅ የሆነ ጣሊያናዊ ነው፣ በከተማዋ ምግብ ቤት አለው። ጁን 10 ቀን 1940 ሙሶሊኒ በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ያውጃል። የተቆጣ ሕዝብ ምግብ ቤቱን ያቃጥላል፣ ካርሎም ይሞታል። ከሄስቲንግስ ውጭም በእውነተኛው ታሪክ በዚያች ሌሊት በብዙ የእንግሊዝና የስኮትላንድ ከተሞች የጣሊያኖች ካፌና አይስክሬም ቤት መስታወት ሲረግፍ አድሯል። እነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ እዚያው ለዓመታት የኖሩ፣ ልጆቻቸውንም ለእንግሊዝ ጦር የሰጡ ነበሩ። መንግሥት ወንዶቹን ሰብስቦ አሰረ። ጁላይ 2 ቀን እስረኞችን ወደ ካናዳ ስትወስድ የነበረችው አራንዶራ ስታር መርከብ በጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ተመትታ ሰጠመችና ከ800 በላይ ሰው ሞተ። ከነሱ ውስጥ ከ400 በላይ የሚሆኑት ጣሊያኖች ናቸው።

ሙሶሊኒ ጦርነት ያወጀባት ያቺ ቀን ለእኛ ታሪክ መልካም ቀን ናት። እንግሊዝ ከጣሊያን ጋር መጣላቷ ከ1936 ጀምሮ ባዝ ከተማ በስደት ለነበሩት ለጃንሆይ የመመለሻውን በር ከፈተ፤ ወሩ ሳያልቅ በአውሮፕላን ወደ አፍሪካ ተነሱ። እኛ ያንን በር ብቻ ነው የተማርነው፣ ተገቢም ነው፣ የጣሊያን መርዝ ጋዝ የወረደው በእኛ ላይ ነው። ግን በዚያው ቀን ሄስቲንግስ ውስጥ ማካሮኒ የሚቀቅል ሽማግሌ ለሙሶሊኒ ዕዳ ከፋይ ሲሆን ማየት ከባድ ነገር ነው። ካርሎ እኛ ላይ አልዘመተም። ድራማው ይህን በሌክቸር አይነግራችሁም፣ የተቃጠለውን ቤት ያሳያችኋል፣ ከዚያ ፎይል የወዳጁን ገዳዮች እንደማንኛውም ገዳይ ይፈልጋል።

በጦርነት ጊዜ ያን ያህል ወንጀል ነበር ወይ የሚል ካለ፣ ነበር። በእንግሊዝና ዌልስ የተመዘገበው ወንጀል በ1939 ከነበረበት 300 ሺህ ገደማ በ1945 ወደ 478 ሺህ ደርሷል። ራሽን ሲመጣ የኩፖን ሌብነትና የጥቁር ገበያ ንግድ አብሮ መጣ። በማርች 1941 ካፌ ደ ፓሪ የሚባለው የለንደን ጭፈራ ቤት በቦምብ ሲመታ ከሞቱት ሰዎች ጣት ቀለበት የወሰዱ ነበሩ። በፌብሩዋሪ 1942 ደግሞ ጎርደን ከሚንስ የሚባል የአየር ኃይል ባልደረባ ለቦምብ ጣዮች እንዳትታይ ሌሊት መብራቷን በምታጠፋው ለንደን ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አራት ሴቶችን ገደለ። የተያዘው ሌላ ሴት ላይ ጥቃት ሲፈጽም ሰው ደርሶበት ሲሮጥ የጋዝ ጭንብሉን ጥሎ ስለሄደ ነው፤ የወታደር መለያ ቁጥሩ ተጽፎበት ነበር። ያን ሁሉ ቦምብ በሚወርድበት አገር ቁጥሯን አገላብጦ ባለቤቱን የፈለገ ፖሊስ መኖሩ እኔን ያስደንቀኛል። ከሚንስ በዚያው ዓመት ጁን ላይ ተሰቀለ።

ማይክል ኪችንን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ፎይልን የሚጫወተው እሱ ነው። ሰው ሲያወራ ወደ ታች ያያል፣ የጉንጩን ውስጥ ነከስ ያደርጋል፣ ከዚያ አንድ አጭር ጥያቄ። በዚያች ጥያቄ ብቻ ቅድም ሲንጠባረር የነበረው ባለሥልጣን ላብ በላብ ይሆናል። ጩኸት የለም፣ ሽጉጥ መምዘዝ የለም። ብዙ ተዋናይ በገጽ ሙሉ ንግግር የማይሠራውን ይሠራል።

እንከን የለውም አልልም። በ2008 አበቃ ተብሎ፣ ተመልካቹ ግን አልለቅ ስላለ በ2010 ተመልሷል፤ ያ መመለሱ ጥሩ ነበር። የአሜሪካ ጦር ጥቁርና ነጭ ወታደሮቹ በከተማዋ ተለያይተው እንዲዝናኑ የሚፈልግበት፣ አንድ ጥቁር ወታደርም እንግሊዛዊት ፍቅረኛውን ገድለሃል የሚባልበት ክፍል የዚያን ጊዜ ነው፣ እንዳያመልጣችሁ። ከ2013 ወዲህ ግን ፎይል ለንደን ገብቶ ለስለላ መሥሪያ ቤቱ ለኤም አይ ፋይቭ መሥራት ሲጀምር የምወደው ነገር ቀነሰብኝ። ሚስጥርና ሰላይ በዛ፣ ማንም የማያስታውሰው ተራ ሟች ጠፋ። የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ወታደሮችም በድራማው ውስጥ የሉም ማለት ይቻላል፣ ይህም ይቆጨኛል።

ልታዩት ካሰባችሁ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሩና በተራ እዩት። እየዘለሉ የሚያዩት አይደለም፤ ጦርነቱ ወር በወር ነው የሚሄደው፣ የራሽኑ መጥበብም የሰዎቹ መዛልም አብሮ ይሄዳል። የሰላይ ታሪክ የማይጥማችሁ ከሆነ ፎይል መርከቡ ላይ ሲወጣ ብታቆሙም ብዙ አይቀርባችሁም።