ሰልስቱ ካለፈ በኋላ

የአብሮ አደጌ አባት ማረፋቸውን ያወቅኩት ትናንት ነው። ሰልስቱ ካለፈ በኋላ! ልጁማ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በሰዓቱ ለጥፎ ነበር። መድረኩ ግን ለእኔ የሚበጀኝ የፀጉር ማብቀያ ቅባት መሆኑን ወስኖ እሱን አስቀደመ። ከሥሩ የማላውቃቸው ሰዎች ጠብ። ከዚያ ስለ ክሪፕቶ የሚሰብክ ጎረምሳ። ከዚያ ቅባቱ እንደገና። (ራሰ በራ መሆኔን ማን ነገረው?)

"ተከተል" የሚለውን ቁልፍ የተጫንኩት ለጌጥ ነው እንዴ?

ማስቶዶን የሚባል ማኅበራዊ መድረክ አለላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረ ነው። የተከተልካቸው ሰዎች የጻፉትንና ያጋሩትን በሰዓቱ ቅደም ተከተል ያሳይሃል፣ በቃ። አንድ ባለቤት የለውም፤ ሰርቨሩን (መድረኩ የሚሠራበትን ኮምፒውተር) የፈለገ ሰው ወይም ማኅበር ያቆመዋል። ያለህበት ካልተስማማህ ተከታዮችህን ይዘህ ወደ ሌላው ትዛወራለህ።

"ኑ እንሂድ" ስል ግን መልሱ አንድ ነው፦ "እዚያ ማን አለ?"

እናንተ ስላልመጣችሁ ነዋ ሰው የሌለው! አካውንት ለመክፈት ጊዜ የላችሁም። "ይሄ ነገር አንገሸገሸኝ፣ ልወጣ ነው" ብሎ እዚያው የድሮው መድረክ ላይ ለመለጠፍ ግን ቀኑን ሙሉ ጊዜ አላችሁ። ልጥፉም በላይክ ይንበሸበሻል። ከላይክ አድራጊዎቹስ የወጣ አለ?