ወረኢሉ በ47ኛው ስላይድ

ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን በሚመለስ መኪና የኋላ ወንበር ላይ፣ በጋቢ እስከ ዐይኔ ተጀቡኜ ተቀምጬ፣ ጠዋት ለሕዝብ ያቀረብሁት ጽሑፍ ምን ያህል እንዳወጣ በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ። መጀቦኔ አንድም ስለ ጣርማ በር ጭጋግ ነው፤ አንድም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከፊቴ የተቀመጡት መንገደኞች የስብሰባዬ ታዳሚዎች ስለ ነበሩ ነው።

ጽሑፉ ስለ ጓሳ፣ በመንዝ ለቤት ክዳን ስለሚታጨደው ሣር፣ ነበር። ርእሱ ግን «በማኅበረሰብ አቀፍ የተፈጥሮ ሀብት አስተዳደር ዙሪያ የባለድርሻ አካላትን ግንዛቤ ለማሳደግ የተዘጋጀ የመነሻ ጽሑፍ» ይላል። አንብቤው ስጨርስ ከፊት የነበሩ አንድ ሽማግሌ ስብሰባው ያለቀ መስሏቸው «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብለው ሊነሡ ነበር። ገና 64 ስላይድ ይቀር ነበር። መግቢያ፣ ዳራ፣ ዐቢይ ዓላማ፣ ዝርዝር ዓላማ፣ ወሰን እያልሁ ስሄድ ጓሳ የሚባለው ሣር ራሱ ብቅ ያለው በ31ኛው ላይ ነው፤ እርሱም በቀስት፣ በሣጥንና በመቶኛ ስለ ተከበበ ከብት ቀርቶ ባለሙያ አይደርስበትም።

«ዛሬ ምን ተባለ?» አለ መንገድ ላይ የተሳፈረ ጎልማሳ።

«ስለ አገር ነው» አለው አንዱ።

«ኧረ ስለ ማዳበሪያ ነው! ክብ ክብ ቢጫ ነገር ሲያሳየን አልነበረም?» አለ ሌላው። ሁለት ሌሊት ያደርሁበትን የመቶኛ ሥዕል ማለቱ ነው። ሦስተኛው «አበል የለውም» ሲል ብቻ መኪናው ሙሉ ተስማማ።

ይህን ጊዜ አንዲት እናት ከመስኮቱ ዘወር ብለው «እኔስ የያዝሁት የአያቱን ቤት ነው» አሉ። «አያቱ የጓሳ ክዳን ቤት ነበራቸው፤ ስንት ክረምት ጠብ ሳይል ኖሮ፣ ሣሩን ሁሉም ሳይደርስ እየቀደመ ሲያጭደው ለክዳን የሚበቃ ታጣና ዝናቡ አልጋቸው ድረስ ገባ። ጓሳ ሳይደርስ አይታጨድም ነው ያለው ልጁ፤ ሌላ ምን አለ?»

ይህችን ታሪክ የተናገርኋት ፕሮጀክተሩ ጠፍቶ እስኪነሣ ድረስ ጊዜ ለመግፋት ብቻ ነበር። የመንዝ አባቶች ጓሳው የሚበቅልበትን መሬት ለዓመታት ዘግተው፣ ሣሩ ሲደርስ ተመካክረው ይከፍቱ እንደ ነበር፣ ያ ሥርዓት ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ወዲህ እንደ ላላ፣ ሣሩ ሲመናመን ቀይ ቀበሮውም መጠለያ እንደሚያጣ፣ ይህ ሁሉ በስላይዶቼ ላይ ነበረ፤ ግን አንዱ በ12ኛው፣ አንዱ በ38ኛው፣ አንዱ በ52ኛው ተበታትኖ እርስ በርሱ ሰላምታ እንኳ አልተለዋወጠም። የአያቴ ጣራ ያለ ፕሮጀክተር ሰበሰበው።

ያሳፈረኝ ደግሞ ይህን ጥበብ ከውጭ አገር አሠልጣኝ መማር የማያስፈልገን ሰዎች መሆናችን ነው። በዚህ አገር በጥንቱ የአደባባይ ሙግት በልሃ ልበልሃ ሲባል፣ ነጠላውን አደግድጎ የቆመ ተሟጋች ምሳሌውን አስቀድሞ ነገሩን ያስከትል ነበር፤ ነገሩ የጠፋበት ተሟጋች መሬቱም ይጠፋበት ነበርና። ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቀው በአንጎለላ የተወለዱት ዐፄ ምኒልክስ በ1888 ዓ.ም. የዐድዋን ክተት ሲያውጁ ምን አሉ? ጠላት ባሕር ተሻግሮ መጣ፤ ጉልበት ያለህ ተከተለኝ፣ የሌለህ በጸሎት እርዳኝ፣ ወስልተህ ብትቀር ትጣላኛለህ፤ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ላግኝህ። ነገሩ ይኸው ነው። ምን እንደ ደረሰ፣ ማን ምን እንደሚያደርግ፣ መቼና የት፣ አንድ ሰው ገበያ ቆሞ ሰምቶ እቤቱ ሳያዛንፍ ሊደግመው ይችላል።

ያ አዋጅ ዛሬ በእኛ ቢሮ በኩል ቢያልፍ ኖሮ በ«የዘመቻው ዳራ» ይጀምራል። ጠላት «ከባሕር ማዶ የመጣ ተግዳሮት» ይባላል። ነጋሪቱ የሚመታው የክብር እንግዶች ከተዋወቁ በኋላ ነው። ወረኢሉ የምትጠቀሰው በ47ኛው ስላይድ ላይ፣ ከሻይ ዕረፍት በኋላ፣ ግማሹ ጦር አበል እንደሌለ አረጋግጦ ወደ ቤቱ ሲገባ ነው።

ሰኞ ቢሮ ገብቼ 59ኙን ስላይድ ሰረዝሁ። የቀሩት አምስቱ በአያቴ ጣራ ጀምረው «ሳይደርስ አይታጨድም» በሚለው ያበቃሉ። ለአለቃዬ ወስጄ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና፣ «ጥሩ ነው፤ ግን ሥራ የተሠራበት አይመስልም» አሉኝ። ቀጥለውም «ለመሆኑ አያትህ በየትኛው ዝርዝር ዓላማ ሥር ነው የሚገቡት?» ሲሉ ጠየቁኝ።

የተሰረዙት ተመለሱ። አያቴንም ተመካክረን 47ኛው ላይ አስገባናቸው።