አባቱ ጀርመን ነው

አዲስ አበባ ውስጥ አባቱ ጀርመን ያልሆነ ክልስ ውሻ ፈልጋችሁ አታገኙም። እናቱ ማን እንደሆነች ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከሥጋ ቤቱ ጀርባ የምትተኛው ቡናማዋ ናት። አባትየው ግን ሁልጊዜ ጀርመን ነው። ባለቤቱ ትንሽ ማጋነን የሚወድ ከሆነ ደግሞ "ከኤምባሲ ግቢ የወጣ" ይጨምርበታል። አንዱ ጆሮ ቆሞ ሌላው ከወደቀ "ገና ልጅ ነው፣ ይቆማል" ይባላል። አምስት ዓመት ሞልቶት ጆሮው የሚጠበቅለት "ልጅ" አውቃለሁ።

እንግዳ በር ላይ ቆሞ መጀመሪያ "ይናከሳል?" ይላል። ቀጥሎ "ዘሩ ምንድን ነው?" ይላል። ይህን ጥያቄ ለሰው አቅርባችሁ በሰላም ቤታችሁ መግባታችሁን እንጃ። ለውሻ ሲሆን ግን ቡና እየተጠጣ በሰፊው ይተነተናል። አፍንጫው ይታያል፣ ጅራቱ ይገመገማል፣ የእናቱ ወገን ይናቃል። "ተከትቧል?" ብሎ የጠየቀ እንግዳ ግን እኔ አላየሁም።

ሻጩም ገዢው ምን እንደሚጠይቅ አሳምሮ ያውቃል። ቡችላውን በካርቶን ይዞ መንገድ ዳር ይቆማል። መኪና ዝግ ሲል በመስኮት ያስገባዋል።

"አባቱ ጀርመን ነው፣ ጋሼ።"

"ክትባትስ?"

"ሁሉንም ጨርሷል!"

"ስንት ጊዜው ነው?"

"ወር ሊሞላው ነው።"

የቡችላ ክትባት የሚጀመረው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሆነው ነው። ከዚያ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16 ሳምንት ይዘልቃል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወር ገደማ ሲሞላው ይሰጣል። ይህኛው ግን ከእናቱ ሆድ ክትባቱን ጨርሶ የወጣ ጀርመን ነው።

ቡችላው ቤት ይገባል። ስም ይወጣለታል። ልጆች ይሻሙበታል፣ አልጋ ላይ ይወጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ሳምንት ሳይቆይ ምግብ ይተዋል። ያስመልሰዋል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይይዘዋል። ብዙም ሳይቆይ ይሞታል። የዚህ ታሪክ ዋና ተዋናይ ብዙ ጊዜ ፓርቮ የሚባል ቫይረስ ነው። ዓለም በ1978 እ.ኤ.አ. አውቆታል። ሰፈራችን ግን ገና አልተዋወቀውም። ሰፈራችን የሚያውቀው ጎረቤትን ነው።

"መርዘውት ነው!"

"ማን?"

"ማን ይሆናል! ያቺ ናታ! ሌሊት እየጮኸ እንቅልፍ ነሳኝ ስትል አልሰማሽም?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ቤቶች ሰላምታ ያቆማሉ። እድር ላይ ጀርባ ይሰጣጣሉ። አባወራው እልህ ይይዘውና ሌላ ቡችላ ይገዛል፤ አባቱ ጀርመን የሆነ። ፓርቮ ደግሞ አፈር ውስጥ ዓመትና ከዚያም በላይ መቆየት የሚችል ጉደኛ ነው። ተራ ሳሙና አይገድለውም፤ በረኪና ይገድለዋል። ግቢውን በበረኪና ያጠበ የለም፣ ቡችላውን ያስከተበም የለም። ሁለተኛውም በዚያው መንገድ ይሄዳል። አሁን ማስረጃው ሙሉ ሆነ።

"አየሽ? ዘንድሮም ደገመችው!"

በአንድ ቫይረስ ምክንያት ክርስትና ሳይጠራሩ የቀሩ ቤቶች ስንት እንደሆኑ ቢቆጠር ጥሩ ነበር። ሴትዮዋ ኩርፊያው ሲሰለቻት በማርያም ብትምልም የሚያምናት የለም። "ሐኪም ቢያየውስ ኖሮ?" ብትሉ መልሱ አንድ ቃል ነው። "ለውሻ?" ቢሾፍቱ ላይ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ከተከፈተ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። ተመራቂዎቹን ግን የምናውቃቸው ለላም ነው።

ከሞት የተረፈው ያድጋል። ካደገ በኋላ ጤናው የሚወሰነው በቤቱ ጾምና ፍስክ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ ውሻውም ከቤተሰቡ ጋር 55 ቀን ይጾማል። ጹም ያለው ቄስ የለም፤ የሚቀርብለት የተረፈ ሽሮ ፍትፍት ስለሆነ ነው። ወጡ ውስጥ ቀይ ሽንኩርት አለ። ምጥኑ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት አለ። ሁለቱም የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ። ቢበስሉም፣ ቢደርቁም፣ ቢፈጩም ያው ናቸው። ትንሽ በትንሽ ሲደጋገም ይጠራቀምና ደሙ ያንሳል፣ ድዱ ይነጣል፣ ጥላ ፈልጎ ይተኛል። የቤቱ እመቤት አይታ ታዝናለች። "ውይ፣ ጾሙ ከበደው።" ከዚያ መድኃኒቱን ታዝዛለች። "ነጭ ሽንኩርት ስጡት፣ ወስፋቱን ይጥልለታል።"

ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነው። ዶሮዋ 12 ብልት ትወጣለች፣ እያንዳንዱ ብልት ባለቤት አለው። የውሻው ድርሻ አጥንቱ ነው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር ይሾልና ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። በጉ ይታረዳል። ሆዱ ሲከፈት ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ ይገኛል። አራጁ ቢላውን ጠርጎ "ይሄ ለሰው አይሆንም፣ ለውሻው ጣሉለት" ይላል። ለሰው አለመሆኑስ ልክ ነው። ያ እባጭ ብዙ ጊዜ የውሻ ኮሶ እጭ ነው። ውሻው ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ትል ይሆናል፣ እንቁላሉ ከአይነ ምድሩ ጋር ግቢው ላይ ይበተናል። ልጆች እዚያው ብይ ይጫወታሉ። እጃቸውን ሳይታጠቡ ዳቦ ይበላሉ። እንቁላሉ ሰው ሆድ ከገባ ጉበት ላይ ዓመታት እየፈጀ ያድጋል። ለሰው አይሆንም የተባለው ዞሮ ለሰው ሆነ ማለት ነው። ውሻውን በየጊዜው የትል መድኃኒት መስጠት ይህን ሁሉ ይቆርጠዋል። አባወራው ግን በፋሲካ ማግስት ለራሱ የኮሶ መድኃኒት ሲገዛ ለውሻው አይጨምርም። ጥሬ ሥጋውን አብረው በልተው አንዱ ብቻ ይታከማል።

ቆዳው ላይ ስንመጣ ሰፈሩ በሙሉ ስፔሻሊስት ነው። ፀጉሩ ረግፎ ማከክ ሲጀምር ጋራዥ የሚሠራው ልጅ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ያመጣል። አንዱ ናፍጣ ይላል። አንዱ ለበረት የሚረጨውን መድኃኒት ይዞ ይመጣል። ውሻ ደግሞ የተቀባውን ሁሉ ይልሳል፤ ስለዚህ ሕክምናው ከውጭም ከውስጥም ይሆናል። እከኩን የምታመጣው በዓይን የማትታይ ተባይ ናት። አንዷ ዓይነት ወደ ሰውም ትተላለፋለች፣ ልጆቹም ያሳክካቸዋል። ያኔ ስድቡ እናቱ ላይ ይወርዳል፤ ከሥጋ ቤቱ ጀርባ ያመጣው ነው ይባላል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚባለው ተረት በቀጥታ ሲሠራ ያየሁት እዚህ ጋ ነው።

በዚህ ላይ የቤቱ የመድኃኒት ፌስታል አለ። ከሁሉም ሕመም የተረፈ ክኒን የሚጠራቀምበት። ውሻው ካነከሰ ዳይክሎፌናክ ይወጣለታል። ካተኮሰው ፓራሲታሞል። የመጀመሪያው ጨጓራውን ያቆስላል፣ ኩላሊቱንም ይጎዳል። ሁለተኛው ያለ ሐኪም ልክ ከተሰጠ ጉበቱን ይመታል። በማግስቱ ሲብስበት ፍርዱ ይሰጣል። "መድኃኒት አይሆነውም፣ አበሻ ነው።" ልብ በሉ፣ ሲታመም አበሻ ሆነ።

"ክልስ አይታመምም፣ ደሙ ጠንካራ ነው" የሚሉም አሉ። ግማሽ እውነት አለው። ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት በዘር የሚወረሱ 24 የውሻ በሽታዎችን መርምሮ ነበር። በ10ሩ ንጹሕ ዘሮቹ ባሰባቸው። በአንዱ፣ በጉልበት ጅማት መበጠስ፣ ክልሶቹ በለጡ። በቀሩት 13 ልዩነት አልተገኘም። ልዩነት ካልተገኘባቸው አንዱ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ነው፤ ጀርመን ሼፐርድ በሰፊው የሚታወቅበት። እንግዲህ አባቱ እውነትም ጀርመን ከሆነ ያወረሰው ጆሮውን ሳይሆን ዳሌውን ሊሆን ይችላል። ጠዋት ጠዋት ከኋላ እግሩ ለመነሳት የሚያቃስተውን ውሻ "ሰነፈ" እያልን የምንሰድበው ይህን ነው። የቆርቆሮ ቤቱ ደጃፍ ላይ በሁለት ሜትር ሰንሰለት ታስሮ መዋሉም አይረዳውም። ዝንቡም የቆመውን ጆሮ ጫፍ እየነከሰ ያደማዋል። ይህ እንኳን ለወደቀው ጆሮ ይሻላል።

አንድ ጊዜ "ይኮላሽ" የሚል ሐሳብ ያቀረበ ሰው ምን እንደገጠመው አየሁ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ዙረት ይቀንሳል፣ ሠፈር ውስጥ የሚጣል ቡችላም ይቀንሳል። ደግሞም ውሾች በግንኙነት የሚተላለፍባቸው ካንሰር አላቸው፤ የካንሰሩ ሴል ራሱ ከውሻ ወደ ውሻ ይሻገራል፣ መነሻውም ከሺዎች ዓመታት በፊት የኖረ አንድ ውሻ ነው። ይህን ሁሉ ቢያስረዳም ሰሚ አላገኘም።

"ወንድነቱን? ኧረ ግፍ ነው! እግዜር አይወደውም!" አሉ ጋሼ፣ የሙክት ጎድን እየጋጡ።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት ዘመዶቻችን ጋ ነገሩ ተገልብጧል። እዚያ ውሻው ኢንሹራንስ አለው። የእሱ ችግር ውፍረት ነው። ልጅቷ ለእናቷ በቪዲዮ እየደወለች ውሻውን በማደንዘዣ ጥርሱን እንዳሳጠበችው ስትነግራት፣ እናት ዝም ብለው ይቆያሉ። ከዚያ "የኔ ልጅ፣ እኔ እኮ መንጋጋዬን በክር ነው ያወለቅኩት" ይላሉ። ክልስነትም እዚያ ያኮራል። የላብራዶርና የፑድል ክልስ ላብራዱድል ተብሎ በውድ ይሸጣል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለዓይነ ስውር መሪነት ብሎ ያራባው አውስትራሊያዊ ዋሊ ኮንሮን፣ በኋላ ላይ ያስነሳው የውሻ ንግድ አስመርሮት መጸጸቱን ተናግሯል። የእኛዎቹን ክልሶች ያራባቸው የተሰበረ አጥር ስለሆነ የሚጸጸት የለም።

ቀልዱ የሚያበቃው የእብድ ውሻ በሽታ ጋ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ ሰውም ሆነ ውሻ ይሞታል፤ የተረፈ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ሰውን ለዚህ በሽታ ከሚዳርጉት ውስጥ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ውሻ ነው። እኛ የምንጠብቀው አረፋ እየደፈቀ መንገደኛ የሚያሳድድ ውሻ ነው። አንዳንዱ ግን ጸጥ ብሎ ነው የሚያብደው። አገጩ ይወድቃል፣ ለሐጩ ይንጠባጠባል፣ መዋጥ ያቅተዋል። እዚህ ላይ አዋቂው ጎረቤት ብቅ ይላል። "አጥንት ሰንቅሮት ነው!" ብሎ እጁን እስከ ክርኑ አፉ ውስጥ ይከታል።

ሉዊ ፓስተር ክትባቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ልጅ የሰጠው በ1885 እ.ኤ.አ. ነው። በስሙ የተጠራ ሰፈር ጉለሌ አለን። የድሮ ሰዎች ውሻ ሲነክሳቸው እዚያ ሄደው ሆዳቸው ላይ በተከታታይ ቀን የተወጉትን መርፌ እየቆጠሩ ያወራሉ። ዛሬ መርፌው ክንድ ላይ ነው፣ ቁጥሩም አንሷል። በሽታው ግን አልሄደም። ባሌ ተራሮች ላይ፣ ከ500 ያነሱ የቀሩትን ቀይ ቀበሮዎች በተደጋጋሚ የፈጀው ከውሻ የሄደ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የተነሳው ወረርሽኝ አንዱ ነው። የቀበሮው ዘር ንጹሕ መሆኑ አላዳነውም። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ሴፕቴምበር 28 ይውላል። በእኛ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ የመስቀል ማግስት ነው። ያን ቀን ስለ ክትባት የሚሰማ ሰው ከክትፎ ላይ ማስነሳት እንዴት እንደሚቻል እንጃ።

ታዲያ ጀርመኑ አንድ ቀን የግቢውን ዘበኛ ይነክሳል። ሐኪም የሚለው ግልጽ ነው። ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ መሮጥ። እኛ ጋ ግን መጀመሪያ ሽምግልና ነው። ባለቤቱ "የኔ ውሻ ሰው አይነካም፣ ምን አድርገኸው ነው?" ብሎ ይጀምራል። ሽማግሌዎች ይጠራሉ። ቡና ይፈላል። አቦል ላይ የጥፋቱ ባለቤት ይፈለጋል፣ ቶና ላይ የውሻው አባት ጀርመን መሆኑ በምስክር ይረጋገጣል፣ በረካ ላይ ወደ ውሳኔ ይገባል። ባለቤቱ የመርፌውን ይከፍላል። አንዱ የተማረ ሽማግሌ ውሻው 10 ቀን ታስሮ ምልክት ያሳይ እንደሆነ መታየት አለበት ብሎ ያስጨምራል፤ እውነቱን ነው። ሁሉም ተስማምተው ይመርቃሉ።

ውሻውን 10 ቀን ሙሉ በቅርብ እንዲከታተል የተመደበው፣ የተነከሰው ዘበኛ ነው።