ጥገኛ አትበሉን

ባለፈው ሳምንት የአንድ የቤተሰብ ፋውንዴሽን ኃላፊ የአካባቢ ማኅበራትን ሰብስበው አዲስ ውሳኔ ነገሩን። ከእንግዲህ ድጋፉ ለአንድ ዓመት ብቻ ነው። ደመወዝም አይሸፍንም። ለምን ተብለው ሲጠየቁ «ጥገኝነት መፍጠር አንፈልግም» አሉ። ደሜ ፈላ። ከእነዚህ ማኅበራት በአንዱ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ በበጎ ፈቃድ ስለምሠራ ነገሩን ከሩቅ አይደለም የማየው።

ጥገኛው ማነው? የቤተሰብ ፋውንዴሽን ማለት አንድ ቤተሰብ ሀብት መድቦለት፣ ያ ሀብት በሚያስገኘው ትርፍ የሚኖር ተቋም ነው። ኃላፊው ደመወዝተኛ ናቸው። ሒሳብ ሹሙም እንደዚያው። የቢሮ ኪራይ አለ፣ መኪና አለ። ሁሉም የሚከፈለው ሌላ ሰው ሠርቶ ባስቀመጠው ገንዘብ ነው። ይህን ጥገኝነት ብሎ የጠራ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ወንዝ ዳር ችግኝ የሚያጠጣ ሰው የወር ደመወዝ ሲጠይቅ ግን ቃሉ ወዲያው ይመዘዛል።

ስለ ችግኝ ላውራ፤ የማውቀው እሱን ነው። መትከል ቀላል ነው። ሰው ይሰበሰባል፣ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ በግማሽ ቀን ያልቃል። ሥራው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ሥሩ ወደ ታች ወርዶ እርጥበት እስኪያገኝ ድረስ በደረቁ ወቅት ውኃ የሚያጠጣው ይፈልጋል። አረሙ መነቀል አለበት። ከብት እንዳይበላው ይታጠራል፤ አጥሩ ሲፈርስ ይጠገናል። የሞተው ይተካል። ይህ የሁለት፣ የሦስት ዓመት ልፋት ነው። በአንድ ዓመት በጀት የሚገዛው የመትከያው ቀን ብቻ ነው!

ከተከልንባቸው ቦታዎች በአንዱ ዛሬ ቆሞ የሚታየው የብረት ሰሌዳው ነው። የፋውንዴሽኑ ዓርማ ቀለሙ እንኳ አልደበዘዘም። ከሥሩ ያሉት ችግኞች ጣት የማያክሉ ደረቅ እንጨቶች ሆነዋል። አንዱን ሳብ ሳደርገው እጄ ላይ መጣ። ሥሩ ከችግኝ ጣቢያ የመጣበትን የፕላስቲክ ከረጢት ቅርጽ እንደያዘ ነበር፤ ከአፈሩ ጋር አልተገናኘም። በጀቱ ያለቀው ዝናቡ ባቆመ በወሩ ነው። ተንከባካቢውም ያኔ ተሰናበተ። ለሰሌዳው ገንዘብ ነበረ፤ ለእሱ አልነበረም።

በማኅበራዊ ሥራውም ያው ነው። ጥቃት የደረሰባት ሴት አንዲትን አማካሪ ለማመን ወራት ይፈጅባታል። አማካሪዋ በዓመቱ ስትሰናበት ታሪኳን ለሌላ ሰው ሀ ብላ ትጀምራለች። ብዙዎቹ ጨርሶ አይመለሱም።

ገንዘብ የለም እንዳይሉን። በአሜሪካ ሕግ የግል ፋውንዴሽኖች በየዓመቱ እንዲያወጡ የሚጠበቅባቸው ከሀብታቸው 5 በመቶ ገደማ ነው። በዚያ ላይ የራሳቸው የአስተዳደር ወጪ ከዚያው ውስጥ ይቆጠርላቸዋል። እኛ ደመወዝ ስንል ክልክል የሆነው ነገር ለእነሱ በጎ አድራጎት ተብሎ ይመዘገባል። ሌላ መንገድ ጠፍቶም አይደለም። አሜሪካዊው ባለሀብት ቻክ ፊኒ ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ በሕይወት እያለ ሰጥቶ ጨረሰ፤ ፋውንዴሽኑም እ.ኤ.አ. በ2020 ተዘጋ። ተራ ሰው ገንዘብ አያውቅበትም የሚል ካለ ደግሞ ኦስትሪያን ይመልከት። የባለጸጋ ቤተሰብ ልጅ የሆነችው ማርሌነ ኤንግልሆርን እ.ኤ.አ. በ2024 ከውርሷ 25 ሚሊዮን ዩሮ አውጥታ ለማን እንደሚሰጥ 50 ዜጎች እንዲወስኑ አደረገች። ተወያይተው ለ77 ድርጅቶች አከፋፈሉት።

ደረሰኝ ይጠየቅ፤ ይህን አልቃወምም። የበላም ይጠየቅ። ግን ደረሰኝ መጠየቅና ሠራተኛ ማባረር ምን አገናኛቸው?

በሚቀጥለው ወር ማመልከቻ እናስገባለን። የመጀመሪያው መስመር የተንከባካቢው የ3 ዓመት ደመወዝ ነው። ሰርዙት ቢሉንም አንሰርዘውም።